«ምንም አልበቀለም» ከሚለው ውጤት በስተጀርባ፦ አናይሮቢክ ባክቴሪያን በሕክምና ላቦራቶሪ ስለመለየት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)

የዛሬው ርእስ በክፍል ውስጥ በጥቂት ሰዓት የሚታለፍ፣ በተግባር ልምምድ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚዘለል ነው። አዘጋጆቹ ርእስ እንድመርጥ ሲጠይቁኝ ብዙ ያላመነታሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንድ ጥፋት እጀምራለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በተፋፋመበት ዘመን፣ በአንድ ሆስፒታል የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የ19 ዓመት ወጣት ናሙና መጣ። ልጁ በአያት አካባቢ በግንባታ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱን ሲያመው ሰንብቶ፣ ሕመሙ ጋብ ሲልለት በምትኩ አንገቱ አበጠ። ሐኪሙ እብጠቱን በጥቂቱ ከፍቶ በጥጥ ስዋብ መግል ወስዷል። ስዋቡ ከሰዓት በኋላ ተወስዶ፣ መልእክተኛ ሲጠብቅ አድሮ፣ እኔ እጅ የገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። ደርቆ ነበር።

በግራም ማቅለሚያ ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ነጭ የደም ሴሎች ሞልተዋል። በመካከላቸውም ቀጫጭን፣ ሁለት ጫፋቸው የሾለ፣ ቀለሙን በደንብ ያልያዙ ፈዛዛ ሮዝ ዘንጎች በብዛት ይታዩ ነበር። ናሙናውን በደም አጋርና በማኮንኪ አጋር ላይ ዘርቼ ኢንኩቤተር አስገባሁ። ከ48 ሰዓት በኋላ ሁለቱም ሳህኖች ንጹሕ ነበሩ። በቅጹ ላይ ሁላችንም የምናውቃትን «ኖ ግሮውዝ»፣ ማለትም «ምንም አልበቀለም» የምትለዋን ቃል ጽፌ ፈረምሁ። በማይክሮስኮፕ ያየሁትና በሳህኑ ላይ ያጣሁት እንደማይገጣጠሙ አስተውያለሁ፤ «ምናልባት አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ወስዶ ይሆናል» ብዬ አለፍሁት። ያየሁትንም በቅጹ ላይ አላሰፈርሁም።

በአገራችን የአንገት እብጠት መግል ይዞ ባክቴሪያ ካልበቀለበት፣ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠረጥረው የዕጢ ቲቢን ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ለወጣቱ የቲቢ ሕክምና ተጀመረለት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን በብዙ አናይሮቦች ላይም የተወሰነ ኃይል ስላለው ለጥቂት ቀናት የተሻለው መሰለ፤ ይህም ይበልጥ አሳሳተን። በሦስተኛው ሳምንት መግሉ በአንገት ጡንቻዎች መካከል ወደ ደረቱ ወርዶ መተንፈስ አቃተው። ተረኛ የነበሩት አንጋፋ ቀዶ ሐኪም አንገቱን በሰፊው ሲከፍቱት ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። እሳቸው የእኛን ውጤት አልጠበቁም፤ መግሉን አፍስሰው ሜትሮኒዳዞል አዘዙ። ከዚያም ወደ ላቦራቶሪው መጥተው፣ ሳይቆጡ፣ «ይህን ያህል የሚሸት ነገር እናንተ ሳህን ላይ ለምን አይበቅልም?» ብለው ጠየቁኝ። ወጣቱ ተረፈ። ከሁለት ወር በኋላ ከሆስፒታል ሲወጣ አፉ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም ነበር።

ዛሬ የምናገረው ለእኚያ ሐኪም ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

አናይሮቢክ የምንላቸው ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ባለበት የማይራቡ ናቸው። ኦክስጅን ወደ ሴል ሲገባ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባሉ አጥቂ ውህዶች ይፈጠራሉ። እኛም ሆንን ኢ ኮላይ እነዚህን የሚያመክኑ ኢንዛይሞች አሉን፤ አናይሮቦች ግን ወይ የሏቸውም፣ ወይ ያሏቸው በቂ አይደሉም። ሁሉም እኩል ስሱ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ በመቶ ኦክስጅን ባለበት እንኳ አይበቅሉም። ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስን የመሳሰሉት ደግሞ ከ2 እስከ 8 በመቶ ድረስ ይታገሣሉ። በሕመምተኛ ናሙና ውስጥ አዘውትረን የምናገኘው ይህን ታጋሹን ወገን መሆኑ ለእኛ ዕድል ነው፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ከሕመምተኛው አልጋ እስከ ላቦራቶሪ ያለውን መንገድ ሊቋቋም ይችላል።

ነገሩ ለባህላችንም እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በጉድጓድ ቀብረው ድንጋይ ሲጭኑበት፣ የጠላውን ጋን አፍ በጭቃ ሲመርጉ፣ አየርን መከልከላቸው ነው። አየር ያገኘው ጠላ እንዴት እንደሚኮመጥጥ የሚያውቅ ሰው ለዛሬው ትምህርት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሉዊ ፓስተር በ1861 እ.ኤ.አ. የቡቲሪክ አሲድ ፍላትን ሲያጠና በመስተዋት መካከል ያለችውን ጠብታ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በጠብታዋ ዳር፣ አየር በሚነካት በኩል ያሉት ባክቴሪያዎች እንቅስቃሴያቸውን አቁመዋል፤ በመካከል ያሉት ግን ይንቀሳቀሳሉ። ሌላው የሚተነፍሰው አየር እነዚህን ገደላቸው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ቬዮንና ዙበር የተባሉ ሁለት የፓሪስ ተመራማሪዎች ከትርፍ አንጀት መግልና ከሌሎች የሚሸቱ ቁስሎች አናይሮቦችን በንጹሕ ካልቸር አወጡ። ዛሬ ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ የምንለው ያኔ በእነሱ እጅ ተገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ የሞላበት፣ በተለመደው ካልቸር ግን ምንም የማይበቅልበት መግል ለእነሱ ዘመን ሐኪሞችም እንቆቅልሽ ነበር። እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ የፈረምሁት ወረቀት ያንኑ እንቆቅልሽ ሳይፈታ የመለሰ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከየት ይመጣሉ? ከውጭ መፈለግ አያሻም። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ለአንድ ኢ ኮላይ አንድ ሺህ ገደማ አናይሮቦች አሉ። በጥርስና በድድ መካከል ባለው ጠባብ ስንጥቅም የሚበዙት እነሱ ናቸው። በቦታቸው እስካሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ፣ ጥርስ ሲበሰብስ፣ ሰው ራሱን ስቶ ምራቁ ወደ ሳንባው ሲወርድ፣ ሥር የሰደደ የጆሮ ሕመም ወደ አንጎል ሲዛመት፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ደም ሲያጥረው፣ ያልተፈቀደላቸው ቦታ ይገባሉ። መንጋጋ ቆልፍን ሆነ ብዬ እዚህ አላስገባሁትም። የእሱ ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ የሚኖር ነው፤ ሕመሙም የሚታወቀው በአልጋው አጠገብ፣ በሐኪሙ ዓይን ነው። ለመንጋጋ ቆልፍ ላቦራቶሪን የሚጠብቅ ሐኪም ጊዜውን ያባክናል።

አሁን ወደዚሁ ወደ ሠፈራችን ልምጣ። ገርጂ በሚገኘው፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል በሚለው ተቋም፣ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት የቀዶ ሐኪሞች ቡድን እያመጣ፣ ኖማ ፊታቸውን የበላባቸውን ኢትዮጵያውያን ሲያክም ቆይቷል። ኖማ በአብዛኛው ምግብ ያነሳቸውን ሕፃናት፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ በኋላ፣ የሚይዝ ሕመም ነው። በድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርን፣ አፍንጫን፣ አጥንትን ጭምር ይበላል። ሕክምና ካላገኙት ውስጥ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ ተብሎ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ችላ መባሉን ለመመዝገብ እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ወስዷል።

የኖማ ባክቴሪያ የትኛው ነው? በናይጄሪያ ሶኮቶ በ1990ዎቹ የተደረገ የካልቸር ጥናት ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለውን አናይሮብ ጠቆመ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የኒጀር ጥናት ግን ዘረ መልን መሠረት ባደረገ ዘዴ ተመልክቶ፣ በታመሙት ሕፃናት አፍ ውስጥ የበዙት ፕሬቮቴላ ኢንተርሚዲያና የፔፕቶስትሬፕቶኮከስ ወገኖች ናቸው አለ፤ ፉሶባክቴሪየም እንዲያውም ቀንሶ ተገኘ። ሁለቱም ሐቀኛ ጥናቶች ናቸው። ዘዴያቸው ይለያያል፤ ናሙናው የተወሰደበት የሕመሙ ደረጃም ውጤቱን ይለውጣል። ገርጂ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ደግሞ ከሞት የተረፉት ናቸው፤ ብዙዎቹ ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል። ጠባሳው አለ፤ ባክቴሪያው የለም። መልሱን ይዞ የነበረው ናሙና በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ በሕፃኑ ድድ ላይ ነበር። ጀርሙ ያለበትና ላቦራቶሪው ያለበት ቦታ አልተገናኙም። ይህን ችግር በትንሹ ያየሁት በዚያ በደረቀ ስዋብ ነው፤ ከአያት እስከ እኔ ጠረጴዛ ያለው መንገድ እንኳ በቂ ርቀት ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ልየታ የሚጀምረው ከሐኪሙ እጅ ነው። መግል በስዋብ አይወሰድም፤ በሲሪንጅ ይሳባል። በሲሪንጁ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል፤ ጫፉ ይደፈናል፤ መርፌው ለደኅንነት ሲባል ይነቀላል፤ ናሙናው በግማሽ ሰዓት፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ሁለትና ሦስት ሚሊ ሊትር የሚሆን መግል በራሱ ለባክቴሪያው መጠለያ ነው። በፍሪጅ አይቀመጥም፤ ቅዝቃዜው ራሱ አንዳንዶቹን ይጎዳል፣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ኦክስጅን ይበልጥ ይሟሟል። አክታ፣ የጉሮሮ ስዋብና በተለመደው መንገድ የተሸና ሽንት ደግሞ ለአናይሮቢክ ካልቸር አይበጁም፤ እነዚህ የሰውነቱን ነዋሪዎች ይዘው ስለሚመጡ የሚበቅለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። እንዲህ ያለውን ናሙና መመለስ ላቦራቶሪውን በሐኪሞች ዘንድ የሚያስወድድ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ይመለስ።

ቀጥሎ ማይክሮስኮፑ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሁሉም ላቦራቶሪ ያለው መሣሪያ ይህ ነው፤ የሚናገረውንም የማንሰማው እኛ ነን። ጫፋቸው እንደ መርፌ የሾለ ቀጫጭን ግራም ኔጋቲቭ ዘንጎች ፉሶባክቴሪየም ኑክሌያተምን ያስጠረጥራሉ። ፈዛዛ፣ አጭርና ረጅም ተቀላቅለው የሚታዩ ግራም ኔጋቲቮች የባክቴሮይደስ ወይም የፕሬቮቴላ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ ሸክላ ጡብ ወፍራምና ማዕዘናም የሆኑ ግራም ፖዘቲቭ ዘንጎች፣ በዙሪያቸው ነጭ የደም ሴል ሲጠፋ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን ያመለክታሉ፤ ነጭ ሴሎቹ የጠፉት ስላልመጡ ብቻ አይደለም፣ መርዙ ስለሚያፈርሳቸውም ጭምር ነው። ይህን ያየ ባለሙያ ቅጽ ሳይሞላ ስልክ ያንሣ። ቅርንጫፍ ያወጡ ቀጫጭን ግራም ፖዘቲቭ ክሮች አክቲኖማይሲስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እሱም አንገትና መንጋጋ ላይ ቲቢን መስሎ የሚመጣ ነው። አናይሮቢክ ግራም ኔጋቲቮች በሳፍራኒን በደንብ ስለማይቀለሙ፣ በመጨረሻው ደረጃ በሳፍራኒን ፈንታ ቤዚክ ፉክሲን መጠቀም ይመከራል። ይህ ለውጥ የሚያስወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። እኔ ያኔ አላውቀውም ነበር።

አየር የሌለበትን ስፍራ መፍጠር ሦስተኛው ነገር ነው። ማኪንቶሽና ፊልደስ በ1916 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ጃር ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሃይድሮጅን አስገብቶ በፓላዲየም አማካይነት ከኦክስጅኑ ጋር ማዋሐድና ውኃ ማድረግ። ዛሬ ኦክስጅኑን ራሳቸው የሚመጥጡ ከረጢቶች አሉ፤ ጋዝም ሆነ ፓላዲየም አይሹም። በጃሩ ውስጥ የሚገባው ሜቲሊን ብሉ ያለበት ስትሪፕ አየር ሲኖር ሰማያዊ ነው፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ይነጣል። ስትሪፑ ካልነጣ በዚያ ጃር የተገኘ «ምንም አልበቀለም» ዋጋ የለውም።

በየላቦራቶሪው ስዞር ደጋግሜ ያገኘሁት ስሕተት የሻማ ጃር ነው። ሳህኖቹ ላይ ሻማ ለኩሰው ይከድኑና ሻማው ሲጠፋ ኦክስጅኑ አለቀ ይላሉ። አላለቀም። ሻማው የሚጠፋው 16 በመቶ ገደማ ኦክስጅን እያለ ነው። የሻማ ጃር የተፈለገው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ 3 በመቶ ከፍ ለማድረግ፣ ለነይሴሪያና ለመሳሰሉት ነው። ለአናይሮብ ግን መቃብር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ «የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ አናይሮብ ለማብቀል አይረዳንም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ይገኛል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኦክስጅኑ ድርሻ ግን ያው 21 በመቶ ነው። ግፊቱ መቀነሱ ከሻማ ጃሩ ጋር እኩል ያደርገናል እንጂ ለአናይሮብ የሚያሳሳ አይደለም። ከፍታው የሚጎዳን በሌላ በኩል ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የክሎስትሪዲየም ስፖር በ100 ዲግሪም አይበገር፣ በ92 ምን ይሆናል? አውቶክሌቭም እንዲሁ። በመማሪያ መጻሕፍት 15 ፒ.ኤስ.አይ. 121 ዲግሪ ይሰጣል የሚለው ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ከውጭው አየር አንጻር የሚለካ ጌጅ ያለው አውቶክሌቭ በአዲስ አበባ 15 ላይ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 18 ተኩል መውጣት አለበት። ስለዚህ ጌጁን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኑ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፖር ያለበትን የሙከራ አምፑል በየጊዜው አስገቡ።

ምግቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። የደም አጋሩ ሂሚንና ቫይታሚን ኬ ይጨመርበታል። ደሙ የበግ ይሁን፤ ጊዜው ያለፈበት የደም ባንክ ደም ውስጥ ሲትሬትና የለጋሹ ፀረ አካል ስላሉ አይመከርም። አጠገቡ አንድ የሚመርጥ አጋር ይኑር፣ ለምሳሌ ሐሞትና ኤስኩሊን ያለበት፤ የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ወገን በዚያ ላይ ይበቅላል፣ ዙሪያውንም ያጠቁራል። ሳህኑ አዲስ ይሁን። ጃሩ ከ48 ሰዓት በፊት አይከፈት። የመጀመሪያው እይታ ባዶ ቢሆን እስከ አምስትና ሰባት ቀን ይቆይ። የአገራችን የ48 ሰዓት ልማድ ለስታፊሎኮከስ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለእነዚህ ያጥራል።

ኮሎኒ ሲገኝ ሥራው አላለቀም። በጃር ውስጥ የበቀለ ሁሉ አናይሮብ አይደለም፤ ኢ ኮላይም እዚያ ይበቅላል። እያንዳንዱ የኮሎኒ ዓይነት በሁለት ሳህን ተዘርቶ፣ አንዱ በአየር አንዱ በጃር ይገባል። በጃሩ ብቻ የበቀለው የምንፈልገው ነው። ከዚያ በሦስት ዲስኮች ብቻ ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል፦ ቫንኮማይሲን 5 ማይክሮግራም፣ ካናማይሲን 1,000 ማይክሮግራም፣ ኮሊስቲን 10 ማይክሮግራም። ዓላማቸው መድኃኒት ለመምረጥ አይደለም፤ መታወቂያ ናቸው። የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ወገን ሦስቱንም ይቋቋማል። ፉሶባክቴሪየም ቫንኮማይሲንን ይቋቋምና በሁለቱ ይሸነፋል። ግራም ፖዘቲቮች በአብዛኛው በቫንኮማይሲን ይሸነፋሉ። ፖርፊሮሞናስ ግን ግራም ኔጋቲቭ ሆኖ ሳለ በቫንኮማይሲን ስለሚሸነፍ ተማሪን በፈተና የሚጥለው እሱ ነው። በዚህ ላይ የኢንዶል፣ የካታሌዝና የእንቁላል አስኳል አጋር ሙከራ ሲታከል፣ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ሐኪሙን የሚረዳ ስም መስጠት ይቻላል።

ማልዲ ቶፍ የተባለው መሣሪያ ይህን ሁሉ ወደ ደቂቃዎች አሳጥሮታል፤ የኮሎኒውን ፕሮቲኖች መዝኖ ስሙን ይሰጣል። አልቃወመውም፤ ቢኖረን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ማልዲ ቶፍ ያልበቀለውን አይመዝንም። ስዋቡ ደርቆ ከመጣ፣ ጃሩ ካልተዘጋ፣ መሣሪያው የሚሰጠው መልስ እኔ ከሃያ ዓመት በፊት የሰጠሁት ነው።

አሁን ለምን አንሠራውም ወደሚለው ልምጣ። «አቅም የለንም» የሚለውን መልስ በሙሉ ልብ መቀበል ያቅተኛል። ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ቢሾፍቱ ብንሄድ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአባ ጎርባ ክትባትን ያመርታል። የአባ ጎርባ መንሥኤ ክሎስትሪዲየም ቾቪዬ የተባለ፣ ጥብቅ አናይሮብ ነው። ስለዚህ በዚህች አገር አናይሮብን ማብቀል የሚያውቁ እጆች አሉ፤ ያወቁትም ለከብቶቻችን ነው። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ ገበሬው በሬው ሲሞትበት ምን እንደሚያጣ አውቃለሁ። የምለው፣ እውቀቱ በአገር ውስጥ ሳለ ለሰው ሕክምና ያልተሻገረ መሆኑን ነው። ተማሪዎቼን ለተግባር ልምምድ ወደዚያ ለመላክ አንድ ደብዳቤ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ የሚያነሣው ተቃውሞ ግን ቁም ነገር አለው። «ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል አብረን እንሰጣለን፤ አናይሮብ ቢኖርም ይሞታል፤ ታዲያ ካልቸሩ ለምን?» ይላል። ሕዝባችን ሜትሮኒዳዞልን የሚያውቀው በአሜባ መድኃኒትነቱ ነው። አናይሮብን እንደሚገድል የተስተዋለውም በአጋጣሚ ነበር፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ሺን የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ ለትሪኮሞናስ ስትታከም የነበረች ሴት የድድ ቁስሏም አብሮ መዳኑን ዘገበ። ባልደረባዬ በከፊል ትክክል ነው። ለፈነዳ ትርፍ አንጀት ሁሉ አናይሮቢክ ካልቸር ይሠራ አልልም። ለአንጎል መግል፣ ለአጥንት፣ ለደም፣ መድኃኒት ወስዶ ላልዳነ ሕመምተኛ ግን ግምት አይበቃም። አክቲኖማይሲስ በሜትሮኒዳዞል አይነካም፤ ወራት የሚፈጅ ፔኒሲሊን ነው የሚሻው። ባክቴሮይደስም ሜትሮኒዳዞልን መቋቋም የሚያስችል ጂን ይዞ እንደሚገኝ በልዩ ልዩ አገሮች ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት መላመድ ክትትል በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የዘረዘራቸው ባክቴሪያዎች ስምንት ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱም ጥብቅ አናይሮብ አይደለም። የማይበቅለው አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረው በጀት አያገኝም፤ በጀት ያላገኘው መልሶ አይበቅልም።

ጃርና ከረጢት እስኪገዛ ድረስ ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። እሱም ውጤቱን የምንጽፍበት ቃል ነው። «ምንም አልበቀለም» ብለን ስንጽፍ ሐኪሙ የሚያነበው «ባክቴሪያ የለም» ብሎ ነው። እኛ የምናውቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። እንዲህ ብንጽፍስ፦ «በአየር ውስጥ ለ48 ሰዓት በተደረገ ካልቸር ባክቴሪያ አልበቀለም። አናይሮቢክ ካልቸር አልተሠራም። በግራም ማቅለሚያ ብዙ ነጭ የደም ሴሎችና ጫፋቸው የሾለ ቀጫጭን ግራም ኔጋቲቭ ዘንጎች ታይተዋል፤ አናይሮብ ሊሆኑ ይችላሉ።» ሦስት መስመር ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ጽፌ ቢሆን ኖሮ የወጣቱ ሐኪም ቲቢን ከመጀመሩ በፊት ስልክ ይደውልልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ቅጽ በአንዳንድ ላቦራቶሪ ለማስገባት ስሞክር «ያልሠራነውን ለምን እንናገራለን? ድክመታችንን ማሳየት ነው» ተብያለሁ። ያልሠሩትን አለመናገር በደረሰኝ ላይ ያልተከፈለን ዕዳ እንደ ተከፈለ መዝግቦ መስጠት ነው፤ የሚከፍለውም አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ወደ ታች ወደ ተግባር መማሪያ ክፍል እንወርዳለን። ከትናንት በስቲያ ጠዋት በንጹሕ የጥርስ እንጨት ከገዛ ጥርሴ ሥር ጥቂት ቆሻሻ ወስጄ በሁለት የደም አጋር ላይ ዘርቻለሁ። አንዱ ሳህን በአየር ውስጥ፣ ሌላው በጃር ውስጥ ነው። አሁን 50 ሰዓት ሆኖታል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አይቼው ስትሪፑ ነጭ ነበር። ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ በአየሩ ሳህን ላይ የማይታይ በጃሩ ሳህን ላይ ግን የበቀለ ስንት ዓይነት ኮሎኒ እንዳለ እናንተው ቁጠሩ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ክዳኑን ስትከፍቱ አፍንጫችሁን አታስጠጉ። ሽታው ራሱ ይመጣላችኋል።